ጋሻ አንግቦ የመጣው እንግዳ

ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ አፍንጫ ያለው አፍንጫውን ያዘጋጅ፤ ተረቴ የሽታ ተረት ነው።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አብሮ መኖር ያዋጣል ብሎ በሚያስብበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ ባለ ጫካ ውስጥ እንስሳት ተሰብስበው አንድ ሰፊ ቤት ሠሩ። ግንድ የሚሸከመው ተሸከመ፣ ጭቃ የሚረግጠው ረገጠ፣ ዝንጀሮም ንግግር አደረገ። ቤቱ ሲያልቅ አባወራ ያስፈልገዋል ተባለና ከርከሮ ተመረጠ። የተመረጠው በአፍንጫው ነው። ከመሬት በታች የተቀበረ ሥር አሽትቶ የሚያወጣ፣ በቤታችን የሚደበቅ ክፉ ነገር አያመልጠውም አሉ። ከርከሮ ራሱ፣ ሥር መቆፈርና ቤት ማስተዳደር ምን አገናኛቸው ብሎ በልቡ ጠይቆ ነበር። ጭብጨባው ሲበዛ ግን ጥያቄው ጠፋበት።

ክረምቱ አልፎ የኅዳር ብርድ ሲገባ፣ ትንንሽ ቡናማ ተባዮች በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለኩ ወደ ቤቱ መግባት ጀመሩ። ጀርባቸው ከትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ወደ ኋላ የሚሾል፣ ቁርጥ ጋሻ ነው። ቀጫጭን ቀንዶቻቸው ላይ ነጣ ያለ ቀለበት አለ። አይናከሱም፣ ምግብ አይነኩም፤ ሙቀት ፈልገው ይመጡና ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ።

ከርከሮ ሲያያቸው ምን እንደሆኑ አላወቀም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለአባወራ አይመችም። ስለዚህ የቤቱን አፈ ጉባኤ ዝንጀሮን አስጠራ። ዝንጀሮ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አገጩን አሸት አሸት አደረገና ፊቱ በራ።

«አያ ከርከሮ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። «ጋሻ ያነገበ ወደ ሹም ቤት የሚመጣው ለምን ይመስልዎታል? ጋሻ ጃግሬዎችዎ ናቸው።»

ከርከሮ አመነው። ደስ የሚል ነገር ለማመን ማስረጃ አይጠየቅምና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም እንግዶቹን እንዳይነካ፣ መግቢያቸው የሆነውን ስንጥቅም እንዳይመርግ አዘዘ። ጠዋት ጠዋት ደረቱን ነፍቶ በግድግዳው ሥር እያለፈ ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር። አንዳቸውም መልሰውለት አያውቁም። እሱ ግን ዝምታቸውን የወታደር ጨዋነት ነው ብሎ ተረጎመው።

ብርዱ ሲጠና ጋሻ ጃግሬዎቹ በዙ። ከግድግዳው እየወረዱ መኝታ ውስጥ ይገቡ ጀመር። እንስሳቱ ሳያውቁ ይተኙባቸዋል፤ ሲተኙባቸው ይጨፈለቃሉ፤ ሲጨፈለቁ ደግሞ የበሰበሰ ድንብላል የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ክርፋት ይለቃሉ። ቤቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የማይኖሩበት ሆነ። ክቡራን እንግዶቹን ግን ማንም አልጠረጠረም። ጋሻ ይዞ የሚገማ ማን አይቶ ያውቃል?

ጉባኤ ተጠራ። የመረጥንህ ለዚህ ቀን ነውና አሽትተህ ፍረድ ተባለ ከርከሮ። አፍንጫውን አነሣ። ሽታው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አፍንጫው ወዴትም አላመለከተውም። ሁሉም ዓይን ዓይኑን ያየዋል። በጭንቀት ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ጥግ ላይ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር በተቀመጠችው በጥርኝ ላይ አረፈ። ዝንጀሮ ያን አይቶ ቀሪውን ጨረሰለት። ከመካከላችን ሲፈጠር ጀምሮ ሽታ ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጥርኝ የዝባዷን ሽታ ሁሉም እንደሚያውቀው፣ ይህ የሷ እንዳልሆነ ተናገረች። ድምፅዋ ግን አፍንጫውን ከያዘው ጉባኤ በላይ አልሆነም። የሚሸት ከቤት ይውጣ የሚል ሕግ በከርከሮ ስም ወጣ። ጥርኝ አንዱን ግልገል በአፏ ይዛ፣ ሌላውን አስከትላ ወደ ውርጩ ወጣች። ከርከሮ ስትወጣ ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጋሻ ጃግሬዎቹን ሲያደንቅ ቆየ።

ሽታው ግን አልወጣም። ዝንጀሮ የጥርኝ ርዝራዥ ነው፣ ይለቃል አለ። ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ በኋላ እንስሳቱ እርስ በርሳቸው መጠራጠር ጀመሩ። ሰላምታ ከመለዋወጥ በፊት መሸታተት ልማድ ሆነ። ሚዳቋ እኔን ይሉኝ ይሆናል ብላ በዚያ ብርድ ወንዝ ስትታጠብ ውላ ጉንፋን ጣላት። ወዳጅ ከወዳጁ ርቆ ተኛ።

አንድ ቀን በቀትር ከርከሮን ጀርባውን በላው። እንደ ልማዱ ከግድግዳው ጋር ተፋተገ። ብዙ ጋሻ ጃግሬ ጀርባው ላይ ተጨፈለቀ። ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ላይ ሲቀመጥ አፍንጫ ሁሉ ወደሱ ዞረ። መጀመሪያ በጨዋነት ሳል ሳል አደረጉ። ኋላ ሳሉ አልበቃ ሲል ዝንጀሮ ተነሣ።

«ሕጉ ያንተው ነው» አለው። «ውጣ።»

ከርከሮን ከመባረሩ ይልቅ «እርስዎ» የነበረው «አንተ» መሆኑ ከነከነው። ወደ ግድግዳው ቀና አለ፤ ጋሻ ጃግሬዎቹ ሲባረር ዝም አይሉም ብሎ ነው። አንዱም ቀንዱን እንኳ አላነቃነቀም።

ሲንከራተት ውሎ ጥርኝ ከተጠለለችበት ድንጋይ ሥር ደረሰ። እሷ ስታየው ደስ አላላትም፤ አላባረረችውምም። ዞር ዞር ብላ አሸተተችውና ከጋማው ውስጥ የተደፈጠጠ ተባይ መዘዘች። ከጆሮው ኋላ ደግሞ በሕይወት ያለ ሌላ ተለጥፎ ነበር። አውርዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፤ አፍንጫህን አምጣ አለችውና በእንጨት ተጫነችው። ያ ክርፋት ፊቱ ላይ ቦነነ።

ከርከሮ ቁጭ አለ። ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ለነዚህ ነው ጠዋት ጠዋት እጅ ስነሣ የከረምኩት» አለ። «አሽታች ነው ተብዬ ተሾሜ፣ ጋሻቸውን አየሁ እንጂ አንድ ቀን አላሸተትኳቸውም።»

ጥርኝ አልሳቀችም።

«አንተ ስቀህ ትወጣዋለህ» አለችው። «ታናሽየዋ ግን ከወጣን ጀምሮ ደረቷን ያፍናታል።»

የከርከሮ ሳቅ እዚያው ቆመ። ግልገሏን አየ፤ እሷም ከእናቷ ሆድ ሥር ሆና አየችው። ይቅርታ ሊል አስቦ፣ ይቅርታ ግልገል እንደማያሞቅ ስለገባው ተነሥቶ ሄደ።

እንዶድ ለቀመ፣ ወቀጠ፣ በሰፊ ቅል ውኃ ውስጥ በጠበጠና አረፋው እስኪገነፍል መታው። ቅሉን ይዞ ወደ የጋራ ቤታቸው ሄደ። ሕጉ እሱንም ይመለከታልና ከደጅ ቆሞ ተጣራ። የሚገማው ጥርኝ ሳትሆን ግድግዳው ላይ ያሉት እንደሆኑ ተናገረ። ዝንጀሮ ተቆጣ። የቤቱን ጠባቂዎች ስም ማጥፋት ነው ብሎ ለመመስከር አንዱን ይዞ ወደ ላይ አነሣው። በንግግሩ መሃል ስሜት ሲያይልበት መዳፉን ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ንግግሩን የሚሰማው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ በሩ ሸሽቶ ነበር።

ከርከሮ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ከተመቱ ይገማሉና አትምቱ አለ። እያንዳንዱን በቅጠል ጫፍ እየገፉ እንዶዱ ውስጥ ጣሉት። ቤቱ ሲጠራ ከርከሮ ጭቃና ጭድ ራሱ ረግጦ ስንጥቁን ሁሉ መረገ፤ የበሩን ሥርና የጣራውን ክፈፍ ሳይቀር ደፈነ። ሕጉንም ሻረ። ከዚያ ጥርኝን ጠርቶ አመጣ።

ጥርኝ ልጆቿን ወደ ሙቀቱ አስገባች፤ ራሷ ግን ደፉ ላይ ቆመች። ዝንጀሮ መዳፉን ከኋላው ደብቆ፣ የሆነው ሁሉ አለመግባባት እንደነበረ በሰፊው አስረዳ። እሷ እሱን አላየችውም። ወደ ከርከሮ ዞረች።

«ነገ ደግሞ ይመጣሉ» አለች። «ልጆቼ እንዲያውቁት መለያውን ንገረኝ።»

ከርከሮ አሰበ። «ጀርባው ሰፊ ነው» አለ። «ሞቅ ያለ ቤት ይወዳል። አንድም ሥራ አይሠራም፤ ከፍ ያለ ቦታ ይዞ መቀመጥ ነው። ካልነኩት ጨዋ ይመስላል፤ ሲነኩት ይገማል።»

ጥርኝ ከእግሩ እስከ ራሱ ቃኘችው። «ታዲያ ካንተ በምን እለየዋለሁ?»

ከርከሮ በጭቃ የተለወሰ ጋማውን አራገፈ።

«እሱ ስንጥቅ ፈልጎ ነው የሚገባው» አላት። «እኔን ግን መርጣችሁ ነው ያስገባችሁኝ።»