ሚስቴን ወደ አባቷ ቤት የመለሰው ዲስክ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል የአገራችን ሰው። ይህን የተረተው ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ኮምፒውተር አላየም። ኮምፒውተር የፈሰሰውን ውሃ አፍሶ እንስራው ውስጥ ይመልሰዋል። ችግሩ ግን ሲያፍስ አይመርጥም። ውሃውንም፣ በመካከል የወለዳችሁትንም፣ ያገባችሁትንም፣ የቀበራችሁትንም አንድ ላይ ጠርጎ ወደ ነበረበት ይወስደዋል። ሰው «ምነው ጊዜ ወደ ኋላ በተመለሰ!» እያለ ሲመኝ እሰማለሁ። እኔ ተመልሶልኝ አይቼዋለሁ፤ አትመኙት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው፣ ገዳሪፍ። እንደ ብዙው የአገሬ ሰው እኔም ከጎንደር ወጥቼ፣ መተማን ተሻግሬ፣ ከከተማው ጥግ ባለው በተዋዋ ሰፈር ጎጆ ቀልሼ ነበር። ለስደተኛው እህልና ዘይት የሚያድል አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ገዝቶ ነካኪ ሲያፈላልግ እኔን አገኘ። አገር ቤት ሳለሁ የጽሕፈት መኪና ተምሬ ነበርና፣ ሙዲሩ፣ ማለት ሱዳናዊው አለቃችን፣ «ሁለቱም ፊደል መምታት ነው» ብሎ ቀጠረኝ። ያኔ በገዳሪፍ ለኮምፒውተር የሚሰጠው ክብር ለሰው አይሰጥም ነበር። ሕዝቡ በፀሐይ ሲጠበስ እሱ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ክፍሉ እንደ ደባርቅ ይበርዳል። ሙዲሩ እንኳ ሻዩን የሚጠጣው እሱ ዘንድ ነው። ሥራ ልቆጣጠር ነው ይላል እንጂ ላቡን ሊያደርቅ ነው የሚመጣው።

አሮጌው ፕሮግራማችን ምስኪን ነበር። የቤቱ አባወራ ማነው? ቤቱ ውስጥ እነማን አሉ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ይኸው ነው ጥያቄው። እንደ ደህና ጎረቤት የማያገባውን አይጠይቅም። ታዲያ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ኸዋጃ ከካርቱም ከች አለ። ኸዋጃ ማለት ሱዳኖች ፈረንጅን የሚጠሩበት ስም ነው። ኸዋጃው በእጁ አዲስ የፕሮግራም ዲስክ ይዟል፤ የቀድሞው አርጅቷል፣ ይኼኛው የተሻሻለ ነው አለ። አሮጌው ምን በደለህ ብዬ ብጠይቀው ፈገግ ብሎ ዲስኩን እጄ ላይ አኖረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው! አዲሱ ፕሮግራም ዕድሜ መጠየቅ ነውር መስሎት እንደሆነ እንጃ፣ የሚጠይቀው የተወለዱበትን ዓመት ነው። የቀረውን እኔ አሰላዋለሁ ባይ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደገና ተጠርቶ የተወለደበትን ዓመት ተናገረ፤ እኔም የተናገረውን እየመታሁ አስገባሁ። ኸዋጃው የአሮጌውን ፕሮግራም ዲስኮች ከነመዝገባቸው በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ፣ «ምናልባት ካስፈለገ» ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ከባለሙያ አፍ «ምናልባት» የምትል ቃል ስትሰሙ መቀነታችሁን ጠበቅ አድርጉ።

በዚያው ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ቀዳዳ ሾልኬ፣ ብርቄን አገባሁ። ብርቄ የግራዝማች አዱኛ ልጅ ናት። ግራዝማች አገር ቤት ሳሉ መሬትም ማዕረግም ነበራቸው፤ ደርግ መሬቱን ሲወስድባቸው ማዕረጉን ይዘው ተሰደዱ። በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሙግት የሚወዱት ነገር የለም። ሰው ሲያጡ ከፍየል ጋር ይሟገታሉ ይባላል፤ አንድ ጊዜ ፍየሏ ረታቻቸው የሚሉም አሉ። እኚህ ሰው ልጃቸውን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ቅር ብሏቸው ነበር። ሦስት ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ የደረሱት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው፣ አቶ ተገኘ፣ የግራዝማች የልብ ወዳጅ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሀዋታ ወደምትባል ከተማ ሄደው ዝናቡ መንገዱን ዘጋባቸው። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ከቀመሰ የሎሪ ጎማ ነክሶ አይለቅም። ግራዝማች «በሁለት ጉልቻ ድስት ይቆማል ወይ?» ብለው ተከራከሩ። ጾሙ ደረሰ ተብለው ሲለመኑ ግን እየከበዳቸው እሺ አሉ፤ ከበሮም ዘፋኝም ሳይገኝ ብርቄ ጎጆዬ ገባች።

በማግስቱ በአዲሱ ፕሮግራም ከአባቷ ቤት አውጥቼ እኔ ቤት አስገባኋት። ስሟ ከስሜ ሥር ቁጭ ሲል ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አቶ ተገኘም መንገዱ ሲከፈት ተመለሱ፣ መርቀውን ሄዱ፣ ጥቂት ቆይተው አንድ ምሽት እራታቸውን በልተው እንደተኙ አረፉ። ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ግራዝማች ናቸው። መሞታቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ጉዱ ወጣ። የእኛ ሰው መቼ ተወለድክ ሲሉት በማን አቆጣጠር ይናገራል? በራሱ ነዋ! ኮምፒውተሩ ደግሞ ዓለም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ሰባት ስምንት ዓመት በየሰዉ ራስ ላይ ተጫነች። የአንተ ጥፋት ነው እንዳትሉኝ፤ እኔ የተነገረኝን ነው የመታሁት፣ ደግሞስ ጣት ሲሮጥ ጭንቅላት መቼ ይደርስበታል? አምና የተወለደ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሞላህ ተብሎ ወተቱ ተቋረጠና ለትምህርት ቤት ምዝገባ ተጠራ። እናቶች ጡት የሚጠቡ ተማሪዎቻቸውን አዝለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። መምህሩ ምስኪን አንዱን ታቅፎ ስምህ ማነው ቢለው እጅጌው ላይ አስታወከበት አሉ። ግራዝማች አዱኛ ደግሞ፣ ጥርሳቸው ገና አጥንት የሚቆረጥመው ሰውዬ፣ አቅመ ደካማ ናቸው ተብለው በማሽላቸው ፋንታ አጥሚት ተመደበላቸው። የአጥሚቱን ሳህን እንደያዙ ቢሮ መጡ። «አርባ አራቱን ታቦት! ይህን ነገር ወደ ነበረበት ካልመለሳችሁት ወዮላችሁ!» እያሉ ከዘራቸውን ሲወዘውዙ፣ ሙዲሩ ከነሻዩ ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።

ከሁሉም ላይ ስምንት ዓመት ቀንሶ መገላገል ነው ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ግን ሱዳን የከረሙት ነጋዴዎችና እዚያው ያደጉት ወጣቶች በፈረንጁ ነበር የተናገሩት፤ ማን በየትኛው እንደተናገረ መለያ የለውም። ቢቀነስላቸው ከልጆቻቸው አንዳንዱ ገና ሳይወለድ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሙዲሩ ወደ ካርቱም ደወለ። ኸዋጃውም የብስኩቱን ቆርቆሮ ክፈቱና ወደ አሮጌው ተመለሱ አለ። እኔ ስልኩን ቀምቼ፣ በመካከል የሆነው ነገርስ እንዳይጠፋ ምን እናድርግ ብዬ ብጮህበት፣ ያንን እንደገና ማስገባት ነው አለና መስመሩ ተቆረጠ። የገዳሪፍ ስልክ መቼ መቆረጥ እንዳለበት ያውቅበታል።

መለስኩት። ዲስኩ ሲንኳኳ ቆይቶ ጸጥ አለ፤ አሮጌው ፕሮግራም ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው፣ አባወራው ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ናፍቆኝ ኖሮ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ሕፃናቱ ወደ ወተታቸው፣ ግራዝማች ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። እሰይ ብዬ የራሴን ስም ከፈትኩ። ብቻዬን ነኝ፤ ወንደላጤ! ብርቄን ብፈልጋት አባቷ ቤት፣ ከታናሽ ወንድሟ ስም በላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በገዛ ጣቴ ሚስቴን ፈታኋት ማለት ነው።

ታዲያ መልሰህ አታስገባትም? እንዴት አድርጌ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሙዲሩ ከአዲሱ ፕሮግራም አንዲት ቃል እንዳትገለበጥ ከልክሏል። የተወለደም፣ ያገባም፣ የሞተም ካለ የየቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ በአፉ ይናገር፤ ሴት ከአባቷ ቤት የምትወጣ ከሆነ አባቷ ይምጣ አለ። የእኔንስ አንተ ታውቀው የለም ወይ ብለው «ማሌሽ» አለኝ። ማሌሽ ሱዳን ውስጥ ይቅርታም ነው፣ አይዞህም ነው፣ ምን አገባኝም ነው። ያን ቀን የትኛው እንደነበር ከፊቱ አውቄዋለሁ።

ጥሪው ሲሰማ የወለደ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ያገባም መጣ። ሞተብን የሚል ግን አንድ ስንኳ ብቅ አላለም! በዚያ ክረምት ተዋዋ ሰፈር ሞት ያልደረሰባት ገነት ሆና አረፈችው። የአቶ ተገኘ ባለቤት ወይዘሮ ድንቄ ዘንድ ራሴ ሄጄ፣ እማማ እባክዎ መጥተው አንድ ቃል ይበሉልኝ ብላቸው፣ «አንድ ጊዜ ሞቶ ቀብረነዋል፤ ሁለተኛ ግደይው ነው የምትለኝ?» ብለው እንባቸው ቀደማቸው። ምን ይባላል? አቶ ተገኘ በኮምፒውተሩ ላይ ሕያው ሆነው ቀሩ። በስማቸው መውጣቱን የቀጠለውን ዘይት አላነሣም፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።

ግራዝማችስ? ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ይባስ ብላ ብርቄ እናቴን ልይ ብላ እንደወጣች እዚያው ቀረች። ፉል ብቻዬን መብላት ጀመርኩ፤ ፉል ደግሞ ለብቸኛ ሰው የሚሆን ምግብ አይደለም። እውነቴን ነው፣ ከፋኝ። ቢቸግረኝ እነዚያኑ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ።

ግራዝማች ጀላቢያቸው ላይ ኩታ ደርበው፣ ከዘራቸውን ተክለው፣ ዳኛ መስለው ጠበቁን። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ፉል በሰሊጥ ዘይት ቀረበ። ልጄን በሁለት ሽማግሌ መስጠቴን እግዜር አይቶ መለሰልኝ አሉ፤ እኔ አይደለሁም የወሰድኳት፣ ኮምፒውተሩ ነው። ይህ ኮምፒውተር እኮ ያኔ አጥሚት ያስቀረበልዎ ነው ብላቸው፣ «ሲሳሳት ተሳሳተ አልነው፤ አሁን ንስሐ ገብቶ እውነት ሲናገር አንሰማውም?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፉላቸውን እያላመጡ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ የእኔን ጉዳይ ይዘው የመጡት እንግዲህ እነሱ ናቸው! ሌላ ሦስተኛ ሽማግሌ ላምጣ ብዬ ለመንኳቸው። «ሽማግሌ የሎሪ ጎማ ነው እንዴ የሚቀየረው? ቃል የተገባልኝ ተገኘ ነው። ተገኘ ደግሞ የለም» ብለው ነገሩን በረጅም ቀጠሮ ሊያሳድሩት አሰቡ። ከመጋረጃው ኋላ ላለችው፣ ብርቄ ኧረ አንቺስ አንድ ነገር በይ አልኳት። «እኔማ ምን አልኩ፣ ያኛው ሰርግ ዘፈን አልነበረውም» አለች። በቃ፣ ባላጋራዬ ሁለት ሆነ።

ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ነጠላዬን አደግድጌ ቆምኩና፣ «ግራዝማች፣ ይህ ንስሐ የገባው ኮምፒውተር የሚለው ሁሉ እውነት ነው?» አልኳቸው። ሁሉም እውነት ነው አሉ። አንዱን ይዘን አንዱን አንጥልም ብላቸው፣ «ምን በወጣን! አርባ አራቱን ታቦት!» ብለው ማሉ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ምስክር ቆጠርኩ። «እንግዲያው አቶ ተገኘ አልሞቱም» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት አይቻቸው መምጣቴ ነው፤ ከወይዘሮ ድንቄ ስም በላይ ተቀምጠዋል፣ ደህና ናቸው። ካሉ ሦስተኛው ሽማግሌዬ እሳቸው ናቸውና ጉልቻው ሞላ። የለም ሞተዋል ካሉኝ ኮምፒውተሩ ዋሸ፤ ከዋሸ ደግሞ ብርቄ ሚስቴ ናት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ፉሉ ትን አለው። ግራዝማች ቃሬዛውን የተሸከሙበትን ትከሻቸውን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ አየኋቸው። ከዚያ ኩታቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ረታኸኝ! አንተ የፍየሏ ወንድም!» አሉ። ዓይናቸውንም ጠርገው፣ «ተገኘን ሁለተኛ ከምቀብረው፣ ልጄን ሁለተኛ ብድራት ይሻለኛል» አሉ።

ቃላቸውን አላጠፉም፤ በማግስቱ ቢሮ መጥተው ሙዲሩ ፊት ተናገሩ፣ ብርቄም በኮምፒውተሩ ቤቴ ገባች። እሷ ራሷ ግን ጾሙ እስኪፈታ እናቷ ቤት ቆይታ፣ ሰፈሩን ያናወጠ ከበሮ አስከትላ ነው የመጣችው። ዘፈን እንዳማራት አልቀረችም።

የዚያን ዕለት ግራዝማች ከዘፋኙ መሐል ጎትተው አወጡኝና ጆሮዬ ሥር ተጠጉ። «ስማ ልጄ፣ ደንቡን ታውቃለህ» አሉኝ። «ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚያስታርቀው በጋብቻው የቆመው ሽማግሌ ነው። ሦስቱም ሳይሞሉ እርቅ አልቀበልም። ከልጄ ጋር የተጣላህ ቀን እንግዲህ፣ ተገኘን ራስህ ሄደህ ይዘኸው ትመጣለህ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ከብርቄ ጋር ተጣልተን አናውቅም። ሰው ሲያየን ፍቅር ነው ይላል። ፍቅርማ አለ። ግን ሽማግሌያችን ያሉበት አገር ሩቅ ነው፣ እኔም ለመንገዱ አልቸኩልም።