ለሽማግሌ የሞተ ባትሪ

(ነቀምቴ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ባጃጅ ነጂው ኢዶሳ በጎረቤቱ በኦቦ ታረቀኝ አሮጌ መኪና ላይ አጎንብሷል። ኮፋኖውን ቀስ አድርጎ ከፈተ፤ በአሥር ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ዳዶ ፈታ፤ ካቦውን አነሳ፤ ሰማያዊ ፌስታል አጥፎ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የባትሪውን ጫፍ ሸፈነና ካቦውን መልሶ ጫነበት። ዳዶዋን ኪሱ ከተታት። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች የታረቀኝን ልጅ ንጋትን ለኢዶሳ የወንድም ልጅ ለሮቤራ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሁለት ጊዜ መጥተው አባትየውን ከቤት አጥተውታል። ዛሬም ካጣነው ዳግም አንመጣም ብለዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጡረተኛው መምህር ታረቀኝ ሙሉ ሱፉን ለብሶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉን ያዞራል። ጸጥ።)

ታረቀኝ፦ ማክሰኞ ዕለት ተሠርታለች ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?

ኢዶሳ፦ ማክሰኞ የሠራሁት ካንዴላዋን ነው። ካንዴላ ሌላ፣ ባትሪ ሌላ። ዛሬ የሞተው ባትሪው ነው።

ታረቀኝ፦ ሳትነካው አወቅህ?

ኢዶሳ፦ የለመደ ሐኪም ፊት አይቶ ያውቃል። ከባጃጅ እስከ ከባድ መኪና በእጄ ያላለፈ የለም፣ ኦቦ ታረቀኝ። (ኮፋኖውን ይከፍታል።)

ታረቀኝ፦ ሦስት ሰዓት ላይ ሲሬ መድረስ አለብኝ እኮ። (ወርዶ ያያል።) ይሄ ሰማያዊው ነገር ምንድን ነው?

ኢዶሳ፦ የቱ? እሱማ... የብርድ መከላከያ ነው። የነቀምቴ ጠዋት ለባትሪ አይስማማም።

ታረቀኝ፦ ከፋብሪካው ነው እንዲህ ለብሶ የሚመጣው?

ኢዶሳ፦ አዲሶቹ ላይ አለ።

ታረቀኝ፦ የእኔዋ ንጋትን በሦስት ዓመት ትበልጣታለች።

ኢዶሳ፦ (ሰዓቱን እያየ) ብቻ እጅዎን እንዳያስገቡ፤ ይይዛል።

ታረቀኝ፦ ለምን አንገፋትም? ግቢው ቁልቁል ነው።

ኢዶሳ፦ ያልሞቀ ሞተር ቢገፉት ይታመማል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ይፈስበታል።

ታረቀኝ፦ ቶሌ፣ እሺ። ሳሙናም ላምጣ?

ኢዶሳ፦ ሳሙናው ይቅር። ውሃውን ግን ቀስ ብለው ነው የሚያሞቁት። በጣም ቀስ ብለው።

ታረቀኝ፦ ከባጃጅህ ባትሪ ብንቀጥልለትስ?

ኢዶሳ፦ ጥጃ በሬ ያጠባል እንዴ?

ታረቀኝ፦ እንግዲያው በሚኒባስ ልሂድ። (መኪናው ውስጥ ተመልሶ ይቀመጣል።)

ኢዶሳ፦ (በሩን ተደግፎ) በዚህ ሱፍ? ዶሮ ይዞ አጠገብዎ የሚቀመጥ አይጠፋም።

ታረቀኝ፦ እውነትህን ነው። ዛሬ ሱፉ መቆሸሽ የለበትም።

ኢዶሳ፦ ለመሆኑ ሲሬ ምን ጉዳይ አለብዎት?

ታረቀኝ፦ በቆሎ ልገዛ ነው።

ኢዶሳ፦ በሱፍ?

ታረቀኝ፦ ሻጩ አክባሪ ሰው ነው።

(የግቢው በር ይንኳኳል። «ቤቶች፣ አካም ቡልታኒ?» የሚል የሽማግሌ የማለዳ ሰላምታ።)

ኢዶሳ፦ (ዳዶዋን ከኪሱ አውጥቶ ከፍ ያደርጋል።) ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ ታረቀኝ። ባትሪው ደኅና ነው። ዳዶዋን የፈታኋት እኔ ነኝ። ዛሬ አያመልጧቸውም።

ታረቀኝ፦ (ይወርዳል፤ ኮቱን ያስተካክላል።) የፈታህበት ቁልፍ የእኔ ነው። ሳጥኑ ውስጥ መልሰው።

ኢዶሳ፦ ያውቁ ነበር?

ታረቀኝ፦ በመስኮት ሳይህ ነበር። ፌስታሉም የንጋት ነው።

ኢዶሳ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ለምን አስለፈለፉኝ?

ታረቀኝ፦ ደስ ይላላ። ኢዶሳ ኮ፣ የእኔ ኢዶሳ፣ ትናንት አጥሩ ላይ ቆሜ «ነገ በጠዋት ሲሬ እሄዳለሁ» እያልኩ የጮህኩት ለማን መሰለህ? ሽማግሌዎቹ ማልደው እንዲመጡ እንድትነግርልኝ ነው። ወንበሩ ሳሎን ውስጥ ተደርድሯል።

ኢዶሳ፦ ሁለቱን ጊዜስ ለምን ጠፉባቸው?

ታረቀኝ፦ ሁለት ጊዜ መጥፋት ለሴት ልጅ አባት ወግ ነው። ሦስተኛው ሞኝነት ነው። በር ላይ ተቀምጬ ብጠብቃቸው ደግሞ ልጄን ለመስጠት የቸኮልኩ እመስላለሁ። መኪና እምቢ ብሎት የቀረ አባት ግን ያምርበታል።

ኢዶሳ፦ እኔ ባልፈታትና መኪናዋ ብትነሳስ ኖሮ?

ታረቀኝ፦ በምን ትነሳለች? ማክሰኞ ቤንዚን አልቆባት ከአስፋልቱ እስከዚህ ገፍተን አስገባናት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀዳሁላትም። «ቤንዚን አይደለም፣ ካንዴላዋ ነው» እያልክ ከኋላ የገፋኸው አንተ ነህ።

(በሩን ሊከፍት ይሄዳል። ኢዶሳ ዳዶዋን በመዳፉ እንደያዘ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ተመልካቹ ይዞራል።)

ኢዶሳ፦ እናንተዬ፣ አንድ ልመና አለኝ። በሰርጉ ቀን ሮቤራ «አጎቴ፣ ሰውየውን እንዴት አድርገህ አስቀረኸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ዳዶዋ አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ያኔ ቤንዚኗን የሚያነሳብኝ ሰው እንዳይኖር። አደራ።