የሆጤው ካርታ ሠሪ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ጥቁር መስኮትና ነጭ ፊደል ብቻ የሚታየው። ሌላው ሕዝብ በማውስ ጠቅ አድርጎ የሚገላገለውን ነገር እሱ በትእዛዝ ካልጻፈው እህል አይወርድለትም። የእናንተ ሰፈር ማን እንደሆነ አላውቅም። የሆጤው ግን ክቡር አቶ ሞላልኝ፣ ሊቀ ጥቁር መስኮት ዘኩታበር ናቸው።

ይህ የኩታበር ልጅ ጠዋት ኮምቦልቻ ወርዶ የፋብሪካ ዕቃ ይመዘግባል። ከሥራ ሲመለስ ከግቢዬ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ካርታ ይሠራል። የመሬት ካርታ እንዳይመስላችሁ። በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ስም ይጽፋል፣ በመካከላቸው ሰረዝ ያደርጋል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማለት ነው። ከዚያ ትእዛዙን ጽፎ ኢንተር ይመታል። ፕሮግራሙ የሚቀራረቡትን ሰብስቦ አገር ያደርጋቸዋል፣ ቀለም ይቀባቸዋል፣ ድንበርና ባሕር ያወጣላቸዋል።

"አንድ መስመር ናት ጋሼ" ይለኛል። ያቺን አንድ መስመር ሲያርም ሦስት ቀን ማለፉን አይነግረኝም።

አንድ ጊዜ የሰኞ ገበያን ቅመም ነጋዴዎች ሣላቸው። ዕቃ ሲያልቅባቸው ደንበኛውን ወደ ማን እንደሚልኩ እየዞረ ጠየቀ። በርበሬ ሻጩ ጀላል ራሱን ቢጫ አገር፣ የእህቱን ባል አረንጓዴ አገር ውስጥ አገኘ። "ድንበር ያሰመረብን ማነው?" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። የእህቱ ባል ደግሞ በሱቁ ባለፈ ቁጥር "ቪዛ ይዣለሁ፣ ልግባ?" ይለው ነበር።

ዘንድሮ ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ደረሰና ለሁለት ይከፈል ተባለ። ሊቀመንበራችን ሐጂ ጣሀ "በአስፋልቱ ይቆረጥ" አሉ። እትየ ዘይቱና ከአስፋልቱ ወዲህ ናቸው፤ የዕድሜ ልክ ባልንጀራቸው ተናኘ ወዲያ።

እትየ ዘይቱና ብድግ አሉ። "ወላሂ ከተናኘ ከለያችሁኝ፣ ስሞት እንዳታነሱኝ! እሷ የሌለችበት ድንኳን ምኑ የኔ ለቅሶ ነው?"

ሞላልኝ ከኋላ እጁን አወጣ።

"አንድ መስመር ናት" አለ።

"ካርታ?" አሉ ሐጂ ጣሀ። "ኧረ ቀበሌ እንዳይሰማ!" ግን ፈቀዱለት።

ሞላልኝ በየቤቱ እየዞረ "ከማን ጋር ትቀራረባላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። የእኛ ሰው ይሉኝታ ያውቃል፤ ሁሉም "ከሁሉም ጋር" አለው። ካርታው አንድ አገር፣ አንድ ቀለም ሆኖ ወጣ፤ ስም ከስም የሚያገናኘው ክር ከመብዛቱ የተነሳ ስም አይነበብም። ሞላልኝ አልተናደደም፤ ጥያቄውን ቀየረ። "ለመጨረሻ ጊዜ የታመማችሁ ዕለት መጀመሪያ በራችሁን ያንኳኩትን ሦስት ሰዎች ንገሩኝ።" እኔንም ጠየቀኝ። ሐጂ ጣሀን፣ ገንዘብ ያዡንና ቁጥጥሩን፣ ባጭሩ ኮሚቴውን በሙሉ ጠራሁለት። ያልኩትን ጻፈ።

ሁለት አገሮች ወጡ። ድንበሩ አስፋልቱን ከነመኖሩም አላወቀው። እትየ ዘይቱናና ተናኘ አረንጓዴው አገር መሃል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። "አላህ ይስጥህ ልጄ፣ እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ" አሉት እትየ ዘይቱና። የሁለቱ ቅሬዎች መዝገብ ከካርታው ላይ እንዲገለበጥ ተወሰነ። ጽሕፈቴ የሚነበብ ስለሆነ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ገልብጬ ስቆጥር ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሆነብኝ። ሞላልኝ ክፍል ሄድኩ።

"አንድ ቤት ጎድሏል።"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ማንም ስላልጠራኝ ክር የለኝም። እኔም ስታመም ያንኳኳ ስለሌለ የምጠራው አጣሁ። ክር የሌለው ነጥብ ዳር ላይ እየተንሳፈፈ ካርታውን ያበላሻል፤ አወጣሁት።"

ሲናገር የፋብሪካ ዕቃ ጉድለት የሚመዘግብ ይመስል ነበር። በዚህም በዚያም ቅሬ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ቢሞት የሚያነሳው የለም።

አፈርኩ። አምና ታይፎይድ ሲጥለኝ ሐጂ ጣሀ የመጡት በአራተኛው ቀን ነው። ገንዘብ ያዡማ ስልክም አልደወለ። በመጀመሪያው ጠዋት በሬ ላይ የቆመው ይኸው ሰው ነበር፤ በአንድ እጁ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ፣ በሌላው የክኒኖቼን ሰዓት የሣለበት ካርታ ይዞ። እኔ ኮሚቴውን ስደረድርለት አንገቱን ደፍቶ ጻፈ እንጂ ትንፍሽ አላለም። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ እስከዚያች ቀን ግን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

"ተነሣልኝ" አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኮሚቴውን የጠራሁባቸውን ሦስት መስመሮች አጠፋሁ። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለግኩ ስሜን "ጥበቡ"፣ ሰረዝ፣ "ሞላልኝ" ብዬ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ።

ካርታው እንደገና ተሣለ። እኔና ሞላልኝ ባሕሩ ላይ የሁለት ሰው ደሴት ሆነን ወጣን። ለካ እኔንም ማንም አልጠራኝም።



"ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል" አልኩ። "ሁለት ይጎድለናል።"

ሞላልኝ በጣቱ ቆጠረ። "ሦስት ነው ጋሼ። አንዳችን ሬሳው ነን።"

ከዚያ ወዲህ ሆጤ ውስጥ ሰው ማስነጠሱ ከተሰማ መጀመሪያ በሩን የምናንኳኳው እኔና እሱ ነን። ፔርሙዙን የምይዘው እኔ ነኝ።