ስሜት የሚገራው አምባር

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መንፈግ ነውር ነውና፣ አምቦ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የሕፃናትን ብስጭት ከሥር መሠረቱ ለመፍታት ያሳየውን ቁርጠኝነት ሳላደንቅ አላልፍም። ልጅ ለምን እንደሚያለቅስ እናቶች እስከ ዛሬ በግምት ሲደርሱበት ኖረዋል። እኛ ግን ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴው እጅ ላይ የሚታሰር አምባር አስነደፈ፤ ልጁ ሲረጋጋ አረንጓዴ ያበራል፣ ሲከፋው ቀይ አብርቶ ይጮኻል። ሲጮኽበት ይረጋጋል ተብሎ ታምኖበታል።

አምባሩ የሚመረቅበት ዕለት የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች አምባር ታስሮላቸው፣ አበባ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ክቡራን እንግዶች ጊንጪ ላይ ለጥሬ ሥጋ ጎራ ስላሉ ትንሽ ዘገዩ። ሲደርሱ አምባሩ ሁሉ ቀይ ሆኖ እየጮኸ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ደቻሳ ግን በአዲሱ ነጭ ሱፋቸው ደምቀው ንግግራቸውን ጀመሩ።

ከሁሉም የባሰው የትንሿ ሴና አምባር ነው። በዕለቱ አረንጓዴ ያላበራ ልጅ «ስሜቱን መግዛት ያልቻለ» ተብሎ አንደኛ ክፍል እንዳይገባ ተወስኗል፤ እሷ ደግሞ አዲሱን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ታቅፋ ነው የምታድረው። አንጀት ትበላለች።

መምህርቷ እታገኝ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ አለች።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ልጅቷ ሽንቷ መጥቶ ነው። ልውሰዳት?»

«አምባሩ የሚለካው ስሜት ነው። ሽንት በጥናቱ አልተካተተም።»

«ኧረ በእናትዎ! አልቻለችም እኮ!»

«በረጅሙ ትተንፍስ! መመሪያው ላይ አለ።»

ሴና እግሯን አጣምራ፣ ጉንጯን ነፍታ ተነፈሰች። ኦቦ ደቻሳ «በመጨረሻም» ካሉ በኋላ ስለ ዘላቂነት ብዙ ተናገሩ። ድንገት የሴና አምባር ጸጥ አለ። አረንጓዴ! ፊቷም ፈካ፤ ካልሲዋ ግን ርሷል።

«ክቡራን፣ በዓይናችሁ አያችሁ! ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው!»

አዳራሽ ቢሆን ጣሪያው ይነሣ ነበር፣ እንዲያ ተጨበጨበ። እታገኝ «ኦቦ፣ ቆይ እንጂ!» ብትል ማን ሰምቷት! ሰብሳቢው ሴናን ብድግ አድርገው ደረታቸው ላይ አቀፏት፤ ፎቶ ተነሡ። ወዲያው የሆነ ነገር ሞቃቸው። ምን ያድርጉ? ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ እውነቱን መናገር ይከብዳል። ፈገግ እንዳሉ ቆዩ።

ሴና አንደኛ ክፍል ገባች፣ እሰይ! የቀሩት ልጆች በሌላ ቀን፣ ሰብሳቢው እንደገና ንግግር እያደረጉ፣ ድጋሚ ተፈተኑ። እናቶች ምሥጢሩን ከእታገኝ ሰምተው ኖሮ፣ ልጆቻቸውን ውሃ ሲግቱ አረፈዱ። በንግግሩ መሐል ሁሉም ተራ በተራ አረንጓዴ አበሩ። ኮሚቴውም ውጤቱን በከፍተኛ አድናቆት አጽድቆ፣ በመመሪያው ላይ አንዲት ማሻሻያ ብቻ ጨመረ፦ ሰብሳቢው ሕፃን እንዳያቅፉ።