ይጠቅማል ባዩ ፕሮኮፒች

ፕሮኮፒች በማለዳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ብሎን ይወለውላሉ። አንዱን በዘይት ጨርቅ ያሹታል፣ ወደ ብርሃን አንስተው ጥርሱን ያያሉ፣ ከዚያ በመጠኑ ወደተለየለት የሻይ ቆርቆሮ ይጨምሩታል። ጥርሱ ያለቀውንም አይጥሉም። «ይጠቅማል» ይላሉ።

ሞተረኞች ተሰባስበው ተራራ በሚያቋርጡበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ሁለት ግን አይሆኑም፤ የሁለቱን ጓዝ የሚችል ዳገት የለም። ለአልታይ ተራሮች ሞተረኞች የደረሷቸው ክቡር ኤሊዛር ፕሮኮፒቪች፣ ባጭሩ ፕሮኮፒች፣ ናቸው፤ የጭራው አዛዥ፣ የዝገት ባለአደራ። በጎኑ ጋሪ የተቀጠለለትን አሮጌ ሞተራቸውን ይዘው አሥራ ዘጠኝ በጋ ከሰልፉ ኋላ ሄደዋል። ጋሪው ውስጥ ሚስታቸው ታይሲያ ትቀመጣለች፤ ፒንሳው፣ ሽቦውና ካላማደሬው ቦታ ካስተረፉላት።

የአንዱ ሱሪ ከኋላው ሲተረተር የዓሣ መረብ መስፊያ መርፌ ከዚያ ጋሪ ወጥቷል። የሌላው መነጽር እግሩ ሲሰበር በጊታር ክር ተጠግኗል። አራት ዓመት ሙሉ የሳሞቫር፣ የሻይ ማፍያ፣ ቧንቧ ተሸክመው ዞረዋል፤ እስካሁን ያልጠቀመው እሱ ብቻ ነው። «ጊዜው አልደረሰም» ይላሉ ሲጠየቁ።

የዘንድሮው ጉዞ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። የቡድኑ መሪ ሮዲዮን አዲሱን ሞተሩን በር ላይ አቁሞ፣ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ገባ።

«ፕሮኮፒች፣ አይቀየሙኝ። ከልጆቹ ጋር ተነጋግረናል። ጋሪው እያዘገየን ነው። ዛሬ ቺኬ ታማን ዳገት ላይ ካስጠበቁን፣ ከርሞ ያለ እርስዎ ነው የምንሄደው።»

«ገባኝ» አሉ ፕሮኮፒች። ቀና አላሉም። ታይሲያ ግን ጆሯቸው ሲቀላ አየች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ልታስረሳቸው፣ «እስኪ ሳንሄድ የአጥሩን በር ማጠፊያ ብሎን ግጠምልኝ። የጎረቤታችን የፌክላ ፍየል ጎመኔን ልትጨርሰው ነው።»

«አሁኑኑ።» አንድ ወፍራም ብሎን መርጠው ኪሳቸው ከተቱ።

በዚያው ሮዲዮን ክላክስ አሰማ። እንደ ወጉ ሁሉም ካሉበት ተቀመጡ፤ ግንድ ላይ፣ አጥር ላይ፣ መሬት ላይ። ሳይቀመጡ መንገድ አይጀመርም። ለአፍታ ዝም ብለው ተነሡና ሄዱ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ፕሮኮፒች ኪሳቸውን ዳበሱ። «በሩ!» አሉ።

«ተመለሳ» አለች ታይሲያ።

«ተቀምጠን ከተነሣን በኋላ? የተመለሰ ሰው መንገዱ አይቀናውም።»

«መስታወት ካየ ክፉ ዕድሉ ይፈታለት የለም እንዴ? ይኸው ሁለት መስታወት ፊትህ ተገትሯል።»

«ይሄ የመንገድ መስታወት ነው። አይቆጠርም።»

ዳገቱ ሲጀምር የሌሎቹ አቧራ እንኳ ከዓይናቸው ጠፋ። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ አሮጌውን የጠጠር መንገድ ተያያዘው። ታይሲያ ኩርባ ትቆጥራለች። አሥራ ዘጠኝ በጋ ለአንድ ዳገት ሲሸነፍ እያየች ምን ትበል?

ሰባተኛው ኩርባ ላይ ሁሉም ቆመው አገኟቸው። የሮዲዮን ሞተር ተጋድሟል። ሮዲዮን ደህና ነው፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ግን ከመሃሉ ተሰብሯል፣ የያዘውም ብሎን ገደል ገብቷል። ስምንት ሞተረኛ ስምንት ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ መስመር ያገኘ የለም።

«አሁን ያስጠበቀው ማነው?» አለ አንዱ።

ፕሮኮፒች ነገሩን እንዳልሰማ ሆነው ጋሪው ውስጥ ጎነበሱ። ከታች፣ ከካላማደሬው ስር፣ አንድ የብረት ጭልፋ አወጡ።

«የኔ ጭልፋ ነው» አለች ታይሲያ ቀስ ብላ።

«ይጠቅማል ብዬ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፌክላን ጠርጥሬ ሰላም አላልኳትም።»

«ስንመለስ ሰላም ትያታለሻ።»

ከኪሳቸው የበሩን ብሎን አወጡ። በጠፋው ብሎን ቦታ ልክክ አለ። የጭልፋውን እጀታ ከተረፈው የፍሪሲዮን ስባሪ ጋር በሽቦ አሰሩ፣ ካላማደሬ ቆርጠው ጠቀለሉት። ሮዲዮን በጣቱ ሳበው፤ ፍሪሲዮኑ ታዘዘ።

«ለጎመን ሾርባ ነው ለዓሣ?» ብሎ አንዱ ሲያሾፍበት፣ ሮዲዮን ሞተሩን አቁሞ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ፕሮኮፒች ፊት ቆሞ የራስ ቁሩን አወለቀ።

«ከእንግዲህ ከፊት ይምሩን።»

«ከፊት የሚሄድ የወደቀ አያይም፣ ልጄ። ቦታዬን ብቻ ተውልኝ።»

«የእርስዎ ነው። ከርሞም።»

ታይሲያ እንደ ጄኔራል ሚስት ቀጥ ብላ ጋሪዋ ውስጥ ተቀመጠች። ከመቀመጧ በፊት ግን የተሰበረውን ግማሽ እጀታ ከጠጠሩ ላይ አንስታ በኪሷ ስትሸጉጥ ፕሮኮፒች አይተዋት ነበር።

«ምንድነው እሱ?»

«ይጠቅማል» አለች ወደ ገደሉ እያየች።

ሰልፉ ተነሣ። ከፊት ጭልፋው ፀሐይ ላይ እያብረቀረቀ ዳገቱን ይወጣል።

«የበሩስ ብሎን?» አለች ታይሲያ።

ፕሮኮፒች በአገጫቸው ወደ ሮዲዮን ሞተር አመለከቱ። «ያው፣ እየሄደ ነው።»

እቤት በሩ እንደተከፈተ ነው። የፌክላ ፍየል ስንተኛው ጎመን ላይ እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።