የበሽታው ደላላ

መርካቶ ውስጥ ደላላ ሳይገባበት የሚያልቅ ነገር የለም። ሱቅ በደላላ ይከራያል፤ ሠራተኛ በደላላ ይቀጠራል፤ ጣቃ ጨርቅ እንኳ ደላላ ካላነሳው ከቦታው አይነቃነቅም። በሽታም የራሱ ደላላ እንዳለው ግን ነርስ ሐጀራ የተረዳችው ከሸማ ተራ ጀርባ ባለው ትንሽ ክሊኒክ ከተቀጠረች በኋላ ነው።

ደላላው ክቡር ጋሼ ጓንጉል ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነው። አርባ ዓመት ነጠላና ጋቢ አሻሽጠዋል፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ የተራውን ወንዶች እፍረት ተሸክመው ክሊኒክ ይመላለሳሉ። በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ "አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ተይው" ይላሉ።

ሕጋቸው የታወቀ ነው፦ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ከተገናኙ ደላላ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ታማሚውን ይደብቁና በሽታውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

"ሲሸና ያቃጥለዋል፤ መግልም አለው" አሉ አንድ ቀን፣ የጋቢ ጥለት የሚገልጹ ይመስል በእርጋታ።

"ጨብጥ ሊሆን ይችላል። ይምጣና ይመርመር።"

"እሱ አይመጣም። ናሙና አመጣለሁ።"

በማግስቱ የለስላሳ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልለው ከች አሉ። ሐጀራ ሳቋን በማስኳ ደበቀች።

የሰባት ቀን ክኒን ሲታዘዝ፣ "አራት ቀን አድርጊለት፤ ልጁ ጠንካራ ነው" ብለው ይከራከራሉ። አንዴማ የአንዱን መድኃኒት ለሁለት ባልንጀሮች እኩል አካፍለው ተመልሰዋል።

"ጋሼ፣ ግማሽ መድኃኒት በሽታውን አይገድለውም፤ ያለማምደዋል እንጂ" አለቻቸው። ተናደደች፤ ግን ደግሞ ተገረመች። የያን ሁሉ ሰው ሕመም በቃላቸው ይዘው አንድም ቀን ስም አምልጧቸው አያውቅም።

አንድ ሰኞ መጡ።

"አንድ ሰው አለ። ብልቱ ላይ ቁስል ወጥቶበት ነበር፤ አያመውም። በራሱ ጊዜ ድኖ ጠፋ። እንዲያው ለነገሩ ነው የነገርኩሽ።"

"ሚስት አለችው?"

"አለችው። አምስት ወሯን ይዛለች።"

ሐጀራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል።"

"ጠፍቷል እያልኩሽ?"

"ዕቃው ከመደርደሪያ ተነሳ እንጂ አልተሸጠም። መጋዘን ገብቷል። ደም ውስጥ ተቀምጦ ዓመት ይቆጥራል፤ ኋላ ልብና አእምሮ ይጎዳል። እሷን ከያዛት ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ልጁ ሳይወለድ ሊሞት ይችላል።"

"እሷ እኮ ምንም አላመማትም።"

"ላያማት ይችላል፤ ክፋቱ እሱ ነው። አሁን ከመጣች ግን በመርፌ ይድናል።"

"እንግዲያው መርፌውን ስጪኝና ላድርስ።"

"አይሆንም። ሁለቱም በእግራቸው ይምጡ።"

ጋሼ ጓንጉል እንደተሰደበ ሰው ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ሦስት ቀን ዱካቸው ጠፋ። ሐጀራ በሸማ ተራ እርጉዝ ባየች ቁጥር፣ "ይቺ ትሆን?" እያለች በዓይኗ ትሸኛለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ኃይለልዑል የሚባለውን ወጣት ጋቢ ሻጭ ክንዱን ይዘው መጡ። ልጁ የላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ።

"መርፌ እፈራለሁ፣ ጋሼ።"

"ማን የማይፈራ አለ?" ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ፣ መጀመሪያ እኔን። ገዢ ያላመነውን ጋቢ ሻጩ ራሱ ለብሶ ያሳያል።"

ዓይናቸውን እንደ ሕፃን ጨፍነው ደማቸውን ሰጡ። ኃይለልዑልም ተከትሎ ተቀመጠ።

የልጁ ደም ቂጥኝ አሳየ። ከሰዓት ሚስቱን ሃናን ይዞ ተመለሰ። ራሱ ነግሯታል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ባሏን አታየውም፤ ክንዷን ግን ለሐጀራ ዘረጋች። እሷም ተይዛ ኖሮ ሁለቱም በዚያው ቀን መርፌያቸውን ተወጉ። "በጊዜ ደርሰሻል" አለቻት ሐጀራ። ሃና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች።

ጋሼ ጓንጉል ኮሪደሩ ላይ ሆነው እንደ ሚዜ ይንጎራደዳሉ። ሐጀራ ለብቻቸው ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ የእርስዎም ደም አሳይቷል። የቆየ ይመስላል።"

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱን ደሙ አይናገርም። ግን ይድናል፤ በየሳምንቱ አንድ፣ ሦስት መርፌ ነው። ባለቤትዎም መመርመር አለባቸው።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን" አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። "ምን ብዬ ነው የምጀምረው?"

"እውነቱን ይንገሯቸው።"

"እሱን የምችልበት የሌላ ሰው ሲሆን ነው።"

"ከፈለጉ እኔ ልደውልላቸው?"

ኮታቸውን አንስተው ተነሱ። "የለም። ከእኔው ትስማው።"

ኮታቸውን ሲለብሱ ቁልፉን አዛነፉት። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ሐጀራ ግን ቁልፉን አስተካክላላቸው፣ ለማንም አድርጋው የማታውቀውን፣ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው። ከተራው ውስጥ አንዱ፣ "ጋሼ ጓንጉል፣ ገዢ ቆሟል" ብሎ ተጣራ። ዞር አላሉም። በቀስታ ወደ ቤታቸው መንገድ ታጠፉ።