ጎዶሎው ቡድን

ፕሮግራመር ጎረቤት አላችሁ? እግዜር ያጽናችሁ! እኛ ጋ ቡራዩ ታምራት የሚባል አለ፤ ሰልፍ ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። በሚሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ፣ ተከታትሎ የሚመጣን ነገር በእኩል ቁጥር እየቆረጠ የሚያቧድን ዝግጁ ትእዛዝ አለ አሉ። ቡድኑን "መስኮት" ይለዋል። "መጨረሻ ላይ የተረፈው ቢጎድልም አይጣልም፤ እንደ ሙሉው ያልፋል" እያለ ይሰብከናል።

ያኔ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ እየተዘጋ፣ ሦስት ሰው አብሮ መቆም የሚያስጠረጥርበት ሰሞን ነበር። አንድ ጠዋት ታክሲ ጠፋ። ታምራት ሆዬ የታክሲ ሰልፉን በአንድ መኪና ልክ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ ከፋፈለው። ወዲያው ፓትሮል መጣ።

"ማነው ያደራጃችሁ?" አለ ፖሊሱ።

ሁላችንም ወደ ኋላ ስናፈገፍግ፣ ታምራት ደረቱን ነፍቶ "እኔ ነኝ! ሦስት ሙሉ ቡድን አለኝ" አይል መሰላችሁ!

"ኧረ ልጄ፣ ታክሲ ነው የምንጠብቀው" አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ቶላ። ማን ሰምቷቸው?

"አንተስ ከየትኛው ቡድን ነህ?" አለው ፖሊሱ ታምራትን።

"ከአራተኛው። እስካሁን ብቻዬን ነኝ።"

ለካ ልጁ እውነቱን ነው፤ ቢጎድልም አይጣልም። ታክሲ ሰው እስኪሞላ ይቆማል፤ ፓትሮሉ ግን እሱን ብቻውን ጭኖ ሄደ።